ከካርቱም እስከ ጎጃም፦ የ1933ቱ ዘመቻ ስንቅና አጋሰስ

አል-ማንሺያ በካርቱም ከተማ በጥቁር አባይ ዳር የሚገኝ ሰፈር ነው። በስሙ የሚጠራው ድልድይ ከማዶው የምሥራቅ ናይል አካባቢ ጋር ያገናኘዋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ይህን ድልድይ የውጊያ ዒላማ አደረገው፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሲይዘው ተፋላሚው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ከካርቱም ወደ ምሥራቅ የሚሻገርበት በር ተዘጋበት። ጦርን የሚያኖረው ስንቅ ነው፤ ስንቅን ደግሞ መንገድ።

ወንዙን ሽቅብ የተከተለ ሮሰይረስ ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ጎጃም ነው። ጣሊያን አገራቸውን በመውረሩ የተሰደዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዚህ በኩል ለመዝመት ካርቱም የገቡት በ1932 ዓ.ም. ክረምት ነበር። በነሐሴ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ የመራው ቡድን ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋር ተገናኘ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረውት ነበሩ። ሌላው እንግሊዛዊ መኮንን ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በጥቅምት 1933 ካርቱም ሲደርስ ከፊቱ የቆመው ጥያቄ የስንቅ ነበር፦ መሣሪያው፣ ጥይቱና ምግቡ በምን ተጭኖ ደጋ ይወጣል?

መልሱ ግመል ሆነ። ከሱዳን ወደ 15,000 የሚጠጉ ግመሎች ተሰበሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው በወሩ መጨረሻ በላያ ተራራ ደረሱ። በላያን ያስተዳድሩ የነበሩት አርበኛው ፊታውራሪ ታፈረ ዘለቀ ነበሩ። አብረው ከተጓዙት መኪኖች ብዙዎቹ በቁጥቋጦውና በደረቅ ወንዞች መካከል ቀሩ፤ ሸክሙ ሁሉ በእንስሳት ጀርባ ላይ ወደቀ።

ዕቅዱ የላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግመሉ ከገደሉ ሥር ሸክሙን አራግፎ ሊመለስ፣ ደጋውን ሊወጣ የታሰበው የጎጃም በቅሎ ነበር። በቅሎው ግን በተጠበቀው ብዛት አልመጣም። አምስት ዓመት ከጠላት ጋር ሲዋጋ የኖረ አርበኛ በቅሎውን ለሌላ ጭነት ቢሳሳ አልፈርድበትም፤ እርሱም የሚመግበው ጦር ነበረው። ስለዚህ በአሸዋ ያደጉት ግመሎች ድንጋያማውን አቀበት ወጡ። ብርዱ፣ የማያውቁት ቅጠል፣ የተላጠ ጀርባና ልምድ የሌለው ጫኝ ጨረሷቸው። ግመሎቹን ይዞ የተጓዘው ዊሊያም አለን ይህን ጉዞ በመጽሐፉ ተርኳል። አዲስ አበባ የደረሱት ከመቶ በታች እንደሆኑ ይጠቀሳል።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የአሜሪካ ጦር ተመሳሳይ የስንቅና የጭነት ጥያቄ ለመፍታት በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ዳርት የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መርሐ ግብር አሰማራ። እስከ 50,000 የሚደርሱ ተሽከርካሪዎችን፣ ጭነቶችንና ሰዎችን መነሻቸውንና መድረሻቸውን ይዞ መንገድ ያወጣላቸው ነበር፤ ሁለት ጭነቶች አንድ መርከብ ወይም አንድ አውሮፕላን ሲሻሙ ያስታርቅ ነበር። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ዕቅድ በሰዓታት ውስጥ ተሠራ። የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም ዳርፓ ለሠላሳ ዓመታት በዘርፉ ያወጣው ገንዘብ በዚህ ብቻ እንደተካሰ አስታውቆ ነበር።

ዳርት በ1933 ካርቱም ቢኖር ኖሮ የግመሉን ጉዞ ያሳጥር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከበላያ በኋላ የሚጎድለውን በቅሎም አስቀድሞ ያሳይ ነበር፣ ቁጥሩን የሚነግረው ሰው ካገኘ። የቆላ ግመል በደጋ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ የትኛው ባላባት በቅሎ እንዳለውና ሊሰጥ እንደሚፈቅድ የሚያውቁት ግን የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ዕውቀት በካርቱም የጦር ሠፈር መዝገብ ውስጥ አልገባም። ዛሬም ጦሮች ለስንቅ ሥራ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገዙ የማየው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፦ ማሽኑ የሚያሰላው በቢሮ የተጻፈለትን ነው።

ዘመቻውን ያተረፈው ሌላ ነገር ነበር። የካቲት መጨረሻ ቡሬ ሲለቀቅ ጣሊያን የተወው ዕቃ ለዘማቹ ጠቀመ፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከተረፉት ግመሎች አንዳንዶቹ ከጥይት ጋር ጠገራ ብር፣ ማሪያ ትሬዛን፣ ተሸክመው ነበር፤ እህልና ከብትም ከጎጃም ገበሬ የተገዛው በዚያ ብር ነው።