ውስኪ በሐኪም ማዘዣ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1931 ዊንስተን ቸርችል ንግግር ለማድረግ አሜሪካ ገብቶ ነበር። ኒውዮርክ፣ አምስተኛው ጎዳና ላይ ከታክሲ ወርዶ መንገድ ሲያቋርጥ እንደ አገሩ ልማድ ወደተሳሳተው አቅጣጫ ተመለከተና መኪና ገጨው። ሕይወቱ ተረፈ። ሌላው ችግር ግን ገና ነበር። አሜሪካ በዚያን ጊዜ መጠጥ የተከለከለባት አገር ናት፤ ቸርችል ደግሞ ያለ መጠጥ የሚውል ሰው አይደለም። ሐኪሙ ኦቶ ፒካርት በጃንዋሪ 1932 ማዘዣ ጻፈለት፦ በሽተኛው ከአደጋው እንዲያገግም በተለይ በምግብ ሰዓት የአልኮል መጠጥ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ለመጠኑ ጣሪያ አላበጀለትም። ዝቅተኛውን ግን ወሰነ፤ 250 ሚሊ ሊትር።

ቀልድ ይመስላል፤ ወረቀቱ ግን ሕጋዊ ነበር። የመጠጥ ክልከላው ሕግ ራሱ ለሐኪሞች በር ከፍቶላቸው ነበርና። ያ በር ለምን እንደተከፈተ ለመረዳት አንድ ብርጭቆ ሙቅ መጠጥ መከተል ይበቃል።

ማታ ከመተኛት በፊት ውስኪ በትኩስ ነገር መጠጣት በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በአሜሪካ የቆየ የቤት ልማድ ነው። ሻይ ጠቆር ተደርጎ ይቀዳል፤ ማር፣ የሎሚ ጭማቂና አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ይገባበታል። ውስኪው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ፣ ሻዩ ትንሽ በረድ ሲል ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ በሚንተከተክ ሻይ ላይ የሚጨምር ሰው የውስኪውን ጥሩ ሽታ ለጣሪያው ይሰጠዋል። 45 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ዝንጅብል በማር ወይም ፌጦ እንደሚባለው፣ እዚያም አያቶች የሚያዙት ይህንኑ ነው። ስሙ «ቶዲ» ይባላል።

ስሙ ከስኮትላንድ አልተነሣም። በሕንድ ከዘንባባ ዛፍ የሚቀዳና ፈልቶ የሚያሰክር ጭማቂ «ታሪ» ይባላል፤ እንግሊዞች በንግድ ኩባንያቸው ዘመን ቃሉን ይዘው ተመለሱ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ቃሉ ስኮትላንድ ውስጥ የውስኪ፣ የስኳርና የሙቅ ውኃ ድብልቅ መጠሪያ ሆኗል። መጠጡ ስሙን ያገኘው ሮበርት ቶድ ከተባለ ሐኪም ነው የሚሉም አሉ። ሰውየው በእርግጥ ነበር፤ ትኩሳት ለያዛቸው በሽተኞች ብራንዲ በብዛት በማዘዝም ይታወቃል። ችግሩ የተወለደው በ1809 መሆኑ ነው። መጠጡ ከእሱ በፊት ስም ነበረው።

ሁለቱን ዕቃዎች ተራው ሰው ቤት ያስገባቸው ሐኪም ሳይሆን ቀረጥ ነው። ሻይ በእንግሊዝ ከዋጋው በላይ ይቀረጥ ስለነበር በኮንትሮባንድ ይገባ ነበር፤ በ1784 ቀረጡ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ወረደና ኮንትሮባንዱ ከሰረ። ውስኪም እንዲሁ። በስኮትላንድ ተራሮች ውስጥ ተደብቆ ይጠመቅ የነበረው ውስኪ ከጓዳ የወጣው፣ በ1823 በወጣ ሕግ ፈቃዱ 10 ፓውንድ ሲሆንና ቀረጡ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ ነው።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ ነገሩ ይከፋል። በ1916 ውስኪና ብራንዲ ከአገሪቱ ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ ተሰረዙ። በ1917 የሐኪሞች ማኅበሩ አልኮል ለሕክምና እንዲውል የሚያበቃ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ሲል ወሰነ። በ1918 የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ግን ሰው ውስኪ ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠ። በ1920 ክልከላው ተጀመረ፤ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ በ10 ቀን እስከ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ መጠጥ ማዘዝ ግን ተፈቀደለት። ማዘዣ ገቢ ሲያስገኝ አስተያየትም ተለወጠ፤ ያው ማኅበር በ1922 አባላቱን ሲጠይቅ፣ ከመለሱት ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ውስኪ ለሥራቸው አስፈላጊ ነው አሉ። አምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ሳይንሱ አልነበረም።

ገደቡን የተቃወመ ሐኪምም ነበር። ሳሙኤል ላምበርት የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም፣ ለበሽተኛዬ የሚያስፈልገውን መጠን የምወስነው እኔ እንጂ ምክር ቤቱ አይደለም ብሎ ከሰሰ። በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። አራት ዳኞች ከእሱ ጋር መቆማቸው ጥያቄው ተራ እንዳልነበር ያሳያል።

ማዘዣ የሚያስጽፍበት ገንዘብ ያልነበረውስ? ለፋብሪካ የሚውለውን አልኮል ማንም እንዳይጠጣው መንግሥት መርዝ ያስጨምርበት ነበር። ያም ሆኖ እየተሰረቀ፣ እየተጣራ ይሸጥ ስለነበር፣ በ1926 ማብቂያ ላይ ሜታኖሉ እንዲበዛ ታዘዘ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፤ ይገድላልም። በዚያው የገና ሰሞን በኒውዮርክ ብዙ ሰው ሞተ። የከተማዋ ዋና የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ቻርለስ ኖሪስ ተጠያቂው መንግሥት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ የሚሞቱትም ጥሩ መጠጥ መግዛት የማይችሉት እንደሆኑ ጠቆመ። በሕጉ ቸርችል ታካሚ ነው፤ መርዙን የጠጣው የቀን ሠራተኛ ግን ሕገ ወጥ መጠጥ የገዛ ሰው ነው። ሁለቱ የፈለጉት ያው አንድ ብርጭቆ ነበር።

ክልከላው በዲሴምበር 1933 ተሻረ። ማዘዣው ቀረ፤ እምነቱ ግን አልቀረም። ዛሬም ውስኪ በሻይ ጉንፋን ያስለቅቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል የሚለው ብዙ ነው። አልኮል በእርግጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሙቀት የሚሰማውም የቆዳ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ነው፤ የውስጥ አካል ሙቀት እንዲያውም ይቀንሳል። በ2008 የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉንፋን ለያዛቸው 30 ሰዎች አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ትኩሱንም ሳይሞቅም ሰጥተው አነጻጸሩ። የጉሮሮ ሕመሙን፣ ብርዱንና ድካሙን ወዲያው ያቀለለው ትኩሱ ነበር። ውስኪ አልነበረበትም።