ሁለንተናዊ ጥንቃቄ

ሁለንተናዊ ጥንቃቄ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ «ዩኒቨርሳል ፕሪኮሽን» ለሚባለው አሠራር የቀረበ የአማርኛ አቻ ነው። ከሰው የተወሰደ ደምም ሆነ ሌላ ፈሳሽ፣ ሰጪው ማንም ይሁን ማን፣ ተላላፊ ተህዋስያን እንዳሉበት ተቆጥሮ ይያዛል ማለት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አሠራሩን ለሁሉም ታካሚዎች እንዲውል የመከረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያኔ ትኩረቱ ደም ላይ ነበር፤ በ1996 ላብ ሲቀር የሰውነት ፈሳሾችን ሁሉ ያቀፈው «መደበኛ ጥንቃቄ» ተከተለው። ለባዮሎጂ ክፍል የሚበጀው ይህ ሰፊው ትርጉም ነው።

ኤችአይቪም ሆነ ሄፓታይተስ ቢ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ መምሰል ዋስትና አይሆንም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ መምህሩ ከተማሪዎቹ መካከል ታማሚ መፈለግ የለበትም፤ ፍለጋው ተማሪን ከማሸማቀቅ በቀር ማንንም አይጠብቅም።

በክፍል ውስጥ የተለመደው ናሙና የጉንጭ ሕዋስ ነው። ተማሪው በንጹሕ ጥጥ የራሱን የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ቀስ ብሎ ያብሳል፤ ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ሜቲሊን ብሉ ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያየው የሕዋሱ ኒውክለስ ጠቆር ብሎ ይታየዋል። ጥጡ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ለጓደኛም አይሰጥም፤ ወዲያው በረኪና ውስጥ ይገባል። ምራቅ ስታርችን ሲፈጭ በአዮዲን የሚታይበት ሙከራም ሕጉ ያው ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን ምራቅ ይጠቀማል፣ ዕቃውንም ራሱ ያጥባል።

የበረኪናው ጥንካሬ 5% ከሆነ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ስላይዱ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይታጠባል። ውህዱ እያደር ስለሚደክም በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል። ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ የአሲድ ጠርሙስ አጠገብ አይቀመጥም።

ደም ግን ለብቻው መታየት አለበት። ጣት ወግቶ የደም ዓይነት መለየት ተማሪ የሚወደው ሙከራ ቢሆንም ከክፍል ቢቀር ይሻላል። አንድ ላንሴት (የጣት መውጊያ) ለሁለት ሰው ከዋለ በሽታ በቀጥታ ሊተላለፍ ይችላል። ከዚያም በላይ ውጤቱ የቤተሰብን ምስጢር ሊነካ ይችላል፤ ሁለቱም ወላጆቹ ኦ እንደሆኑ የሚያውቅ ልጅ የራሱ ኤ ሆኖ ቢያገኘው ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ማንም አይመልስለትም። ለማስተማሪያ የተሠራ ሰው ሠራሽ ደም የደም ዓይነት ሲለይ የሚታየውን ያንኑ የመጓጎል ምላሽ ያሳያል።