ለደም ግፊት የሚሰጠው የኩላሊት ነርቭ ሕክምናና የደም ቅዳ ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1934 ሃሪ ጎልድብላት የተባለው አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሊቅ የውሾችን የኩላሊት ደም ቅዳ በመቆንጠጫ አጥብቦ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳየ። የኩላሊት ደም ቅዳ መጥበብ ብቻውን የደም ግፊት መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ወዲህ አላጠራጠረም። ከ75 ዓመት በኋላ በዚያው ደም ቅዳ ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና ሲመጣ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነበር።

ነርቭን አጥፍቶ ግፊትን የማውረድ ሐሳብ ግን የቆየ ነው። በ1940ዎቹ ሬጂናልድ ስሚዝዊክ በቦስተን የሲምፓተቲክ ነርቮችን በቀዶ ሕክምና ይቆርጥ ነበር፤ በ1953 ከባልደረባው ጋር ያወጣው ዘገባ 1,266 ሕሙማንን ይሸፍናል። ብዙዎቹ ግፊታቸው ቢወርድም ብድግ ሲሉ ራሳቸውን የሚስቱ ነበሩ። እንደ ክሎሮታያዛይድ ያሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ቀዶ ሕክምናው ቀረ።

ሐሳቡን በካቴተር ያደሱት በአውስትራሊያ ሄንሪ ክረምና ባልደረቦቹ ናቸው። ካቴተሩ በብሽሽት በኩል ገብቶ እስከ ኩላሊት ደም ቅዳ ይዘልቃል፤ ጫፉም በሬዲዮ ሞገድ እየሞቀ በግድግዳው ዙሪያ ያሉትን ነርቮች ያቃጥላል። በ2009 በታተመው ጥናታቸው ከታከሙት 45 ሕሙማን በአንዱ የደም ቅዳው የውስጥ ሽፋን ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀውም ገና ሙቀት ሳይሰጥ ነው። በ2011 ሕሙማኑ 153 ሲደርሱ ከዚሁ ስንጥቅ ሌላ ሦስት ሰዎች ካቴተሩ በገባበት ብሽሽት ላይ ሐሰተኛ አኑሪዝም፣ ማለትም ከተበሳው ደም ቅዳ ወጥቶ በዙሪያው የተቋጠረ ደም፣ ታየባቸው። ሁሉም ታክመው ዳኑ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጉዳቶች ከሙቀቱ ይልቅ ካቴተሩ ከሚያልፍበት መንገድ የመጡ ናቸው፤ ይህም ብዙዎችን አጽናና፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ።

በ2014 የወጣው የ535 ሕሙማን ጥናት ሚዛኑን ለወጠው። የታከሙት ሲስቶሊክ ግፊት በ14.13፣ ለማስመሰል ያህል ምርመራ ብቻ የተደረገላቸው ደግሞ በ11.74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወረደ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም። ጥቅሙ ባልተረጋገጠ ሕክምና አንድ የተሰነጠቀ ደም ቅዳም ውድ ዋጋ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣው መጥበብ የበለጠ ያሳስባል። በ2020 የወጣ የ50 ጥናቶች ስብስብ በሬዲዮ ሞገድ ከታከሙ 5,769 ሕሙማን መካከል 26ቱ የደም ቅዳ መጥበብ ወይም መሰንጠቅ እንደደረሰባቸው፣ 24ቱም ስቴንት እንዳስፈለጋቸው አሳየ። አብዛኛው የታየው በአንደኛው ዓመት ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከግማሽ በመቶ በታች ቢሆንም ሁሉም ሕሙማን በምስል አልተመረመሩም፤ ያልተፈለገ መጥበብ ደግሞ አይቆጠርም።

በኅዳር ወር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሁለት መሣሪያዎችን አጸደቀ፤ አንደኛው በሬዲዮ ሞገድ፣ ሌላው በአልትራሳውንድ የሚሠራ ሲሆን፣ የኋለኛው ግድግዳውን በፊኛ ውስጥ በሚዘዋወር ውኃ ያቀዘቅዛል። ግፊቱ ወርዶለት ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ያሻቀበበት ታካሚ ሲመጣ ሐኪሙ ነርቩ ዳግም በቀለ ብሎ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት፣ የጎልድብላት መቆንጠጫ በራሱ በታካሚው ደም ቅዳ ላይ አለመታሰሩን በዶፕለር አልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ማየት ይኖርበታል።