ሰንጠረዥ፦ ከእንደርታ ገበታ እስከ ቃላሚኖ ደጃፍ

በዘመናችን ተማሪ ዘንድ «ሰንጠረዥ» ማለት ቃልና ቁጥር በረድፍና በዓምድ ተደርድሮ የሚቀመጥበት የመስመር ሥራ ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያስተምራል፤ የሒሳብ መምህሩም ስሌቱን በሰንጠረዥ አስፍሮ ያሳያል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ወደ መማሪያ ክፍል ከመግባቱ አስቀድሞ በነገሥታትና በመኳንንት አዳራሽ ለረጅም ዘመን የኖረ የጨዋታ ስም ነበር። ጨዋታው ሲጠፋ ስሙ ብቻ ተረፈ፤ ስሙም ከገበታው መስመሮች ተነሥቶ የመስመር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ወጣቶች በቼዝ ብሔራዊ ሻምፒዮና ሲሰለፉ ከባዕድ አገር በመጣ ጨዋታ የሚወዳደሩ የሚመስላቸውም ከዚህ መዘንጋት የተነሣ ነው። ለመሆኑ ጨዋታው በእርግጥ ባዕድ ነውን? ባዕድስ ካልሆነ ከእጃችን የወጣው በምን ምክንያት ነው?

የስሙ ጉዞ

የሰንጠረዥ ሥር ከሕንድ ይነሣል። በሳንስክሪት ቋንቋ «ቻቱራንጋ» ይባል የነበረው ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከአራቱ የሠራዊት ክፍሎች፣ ማለትም ከዝሆን፣ ከፈረስ፣ ከሠረገላና ከእግረኛ ነው። ፋርሶች ስሙን «ቻትራንግ»፣ ዓረቦችም «ሻትራንጅ» አሉት። በአገራችን «ሰንጠረዥ» የተባለው ይኸው ነው። የጠጠሮቹ መጠሪያም ይህንኑ ጉዞ ይመሰክራል። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው «ፈርዝ» አማካሪ ከሚለው የፋርስ ቃል የመጣ ነው፤ «ፊል» በዓረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ እግረኛው «መደቅ»ም ከዓረብኛው «በይደቅ» ጋር ይዛመዳል። ንጉሥና ፈረስ ግን ከእኛው ቋንቋ የተሰጡ ስሞች ናቸው። በማዕዘን ላይ የሚቆመው ደግሞ «ደር» ይባል ነበር።

ጨዋታው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት መታወቁን የሚያመለክት የቆየ መረጃ የሚገኘው ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት እኒህ ንጉሥ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። በኋለኛው ዘመንም እቴጌ ጣይቱ ብጡል በበገና ድርደራቸው ብቻ ሳይሆን በሰንጠረዥ ችሎታቸውም ይታወቁ ነበር። እንግዲህ ጨዋታው ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በዚህች አገር ኖሯል ማለት ነው።

የእንደርታው ገበታ

ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ከተጻፉት ምስክርነቶች ሁሉ ለቃላሚኖ የሚቀርበው የእንደርታው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ መናገሻቸው ሕንጣሎ ሲሆን፣ ከዛሬዋ መቀሌ በስተደቡብ ሩቅ ያልሆነችው ጨለቆትም ሌላይቱ መቀመጫቸው ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራሱ በጭፍሮቻቸው ተከብበው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና እንደ ነገሩ የተጠረቡ ነበሩ። ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር በሚበላበት ጊዜ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በኃይል መትቶ ከሥፍራው ያስወግደዋል እንጂ።

ሶልት የጨዋታውን ሕግ ከአገሩ ሕግ ጋር እያነጻጸረ ልዩነቱን መዝግቧል። ፊል በሌሎች ጠጠሮች ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ የሚያርፍበትም ሥፍራ የተወሰነ ነው። መደቅ ሲነሣ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመዳል፤ የገበታው ዳርቻ ቢደርስም ሹመት አያገኝም። እንግዳው ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ የግቢው ሰዎች ከጠበቀው በላይ፣ ከራሱም እጅግ አብልጠው እንደሚጫወቱ አልሸሸገም። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1808 ዓ.ም. ሲያርፉ የግቢያቸው ሥርዓት ተበተነ፤ የገበታው ትዝታ ግን በእንግዳው መጽሐፍ ውስጥ ቀረ።

ሶልት እንግዳ የሆነበት ልዩነት ከተጫዋቾቹ ድክመት የመጣ አልነበረም። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የጥንቱን ሕግ ለውጠው አማካሪውን ወደ ኃያል ንግሥትነት፣ ዝሆኑንም በሰያፍ ረጅም ወደሚሄድ ጠጠር አሸጋግረውት ነበር። ኢትዮጵያውያን ግን የቀደመውን ሕግ ጠብቀው አቆዩት። ስለዚህ በእንደርታ የታየው ገበታ አውሮፓ ራሷ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተወችው ጥንታዊ ጨዋታ ሲሆን፣ የአገሩን ጠባይ ተላብሶም ነበር።

ወረራና ክብር

የዚህ አገራዊ ጠባይ ዋነኛው ምልክት «ወረራ» የተባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። በዓለም አቀፉ ቼዝ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ግን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ሰድደው ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው ያሰልፋሉ። ብልኁ ተጫዋች ጠጠሮቹን ለማሰለፍ ከመጣደፍ ይልቅ የባላጋራውን አሰላለፍ እየተመለከተ የራሱን ያስተካክላል። የመጀመሪያው ጠጠር ከወደቀ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል።

ገበታው እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር የተቀየጠበት አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በላዩ ላይ የጥቁር ወይም የሰማያዊ ጨርቅ ቅዳጆች ተሰፍተው ስምንት በስምንት የሆኑ 64 ቤቶችን ይከፍላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ሰፋ ያለ መግለጫ ትቷል። ተመልካቹም ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ ያሞግሳል።

ከሁሉ በላይ ሊተኮርበት የሚገባው የአሸናፊነት ሥርዓቱ ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም፤ የሚያስከብረው የተሸነፈበት መንገድ ነው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በፊል ወይም በፈርዝ መያዝ ያስመሰግናል። ከሁሉ የላቀው ሙያ ግን በመደቅ፣ በዝቅተኛው እግረኛ መያዝ ነው። ከዚህም ጋር ባላጋራውን አራቁቶ ንጉሡን ብቻውን ያስቀረ ተጫዋች ድል አያገኝም፤ ጨዋታው እኩል ይወጣል። ንጉሡ አንድ ረዳት ብቻ ሲቀረውም ያ ረዳት ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ነገሩ መፈጸም አለበት። ስለዚህ ኃይለኛው ወገን በመብላት ላይ ብቻ እንዳይጠመድ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ልክ እንዲያውቅ፣ ለተሸናፊውም ክብር እንዲተው ያስተምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታያል። እግረኛውን ከሁሉ በላይ ያከበረው ይህ ጨዋታ እግረኛው ራሱ እምብዛም አይደርስበትም ነበር። እረኛው መሬት ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ገበጣውን ይጫወታል፤ ለዚህ ከመሬትና ከጠጠር በቀር የሚያስፈልገው የለም። ሰንጠረዥ ግን የተጠረበ የዝሆን ጥርስና የተሰፋ ጨርቅ፣ ከዚያም በላይ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጡበት ጊዜ ይጠይቃል። ገበጣ በሕዝቡ እጅ ስለነበር ዛሬም አለ። ሰንጠረዥ በግቢ ውስጥ ስለተወሰነ ከግቢው ጋር ወደቀ። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በ1928 ዓ.ም. የመኳንንቱን አዳራሾች ሲበትን ጨዋታውም አብሮ ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ በከተሞች የተስፋፋው በዓለም አቀፍ ሕግ የሚመራው ቼዝ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ጥናት ባቀረበ ጊዜ ጨዋታው ወደ ትዝታነት ተለውጦ ነበር።

ሌላው የመጥፋቱ ምክንያት አለመጻፉ ነው። በባግዳድ አል አድሊና አስ ሱሊ የተባሉት ሊቃውንት በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሻትራንጅ መጻሕፍት ጽፈዋል። አስ ሱሊ ያስቀመጠው አንድ የገበታ እንቆቅልሽ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ በሶቪየቱ ታላቅ ተጫዋች በዩሪ አቬርባክ ተፈትቷል። ይህ ሊሆን የቻለው እንቆቅልሹ በብራና ላይ ስለሰፈረ ነው። የእኛ አገር ተጫዋቾች ግን ጥበባቸውን በቃልና በዓይን አስተላለፉ እንጂ እርምጃቸውን በጽሑፍ የመያዝ ልማድ አልነበራቸውም። የራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ያደነቀው ድንቅ እርምጃ ሁሉ ከተመልካቾቹ ጋር አልፏል።

የወጣቶች ሻምፒዮና ትርጉም

ከዚህ አኳያ ሲታይ የወጣቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ተራ የስፖርት ዝግጅት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በግቢ ውስጥ ተወስኖ የጠፋውን ጥበብ በትምህርት ቤት መሠረት ላይ መልሶ ማቆሚያ መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ተመሠረተ። የመጀመሪያው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ተካሂዶ ዩጎዝላቪያዊው ቦሪስላቭ ኢቭኮቭ አሸነፈ። በ1955 ቦሪስ ስፓስኪ፣ በ1969 አናቶሊ ካርፖቭ፣ በ1980 ጋሪ ካስፓሮቭ ይህንኑ ማዕረግ ወሰዱ፤ ሦስቱም በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በአፍሪካም ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥቶ፣ ችሎታ ከየትም ሊበቅል እንደሚችል አሳይቷል።

በእንዲህ ያሉ ውድድሮች በብዛት የሚሠራበት የስዊስ ሥርዓት ከወጣት ተወዳዳሪ ጋር የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ የተጀመረው ይህ ሥርዓት የተሸነፈውን አያሰናብትም፤ በየዙሩ ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸውን ያገናኛል። እስከ 512 ተወዳዳሪ ቢኖር እንኳ በዘጠኝ ዙር ሁሉንም አሸንፎ የሚወጣው ከአንድ አይበልጥም። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ልጅም ዘጠኙን ጨዋታ ተጫውቶ ይመለሳል። ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ የመጣ ታዳጊ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ ወደ ቤቱ ቢሸኝ ምን ይማራል? ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ፣ እርምጃውን ሁሉ በእጁ ጽፎ ሲመለስ ግን በእጁ መጽሐፍ ይዞ እንደ ተመለሰ ይቆጠራል። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ያጡት ይህንኑ ነው።

ቃላሚኖና የማይጠብቀው ዕድሜ

በመቀሌ ከተማ የሚገኘው የቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ልማት ማኅበር የተቋቋመ ሲሆን፣ ከየወረዳው በትምህርታቸው ብልጫ የተመረጡ ተማሪዎችን በማሰባሰብ ይታወቃል። የገበሬው ልጅና የከተሜው ልጅ በአንድ ወንበር የሚቀመጡበት እንዲህ ያለ ሥፍራ ለሰንጠረዥ ጥበብ ከማንኛውም አዳራሽ ይልቅ ተስማሚ ነው። የሕንጣሎው ገበታ በራስና በጭፍሮቻቸው ብቻ ተከብቦ ነበር፤ ይህኛውን ግን የመደቁ ልጅ ራሱ ይቀመጥበታል።

ነገር ግን የቅርቡ ታሪክ ችላ ሊባል አይችልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጉት የትግራይ ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳይከፈቱ ቀሩ፤ ብዙዎቹም የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ትምህርትም በዚያው ዓመት ቀስ በቀስ ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ሲከፈት 16 ዓመት ሆነው። የወጣቶች ቼዝ ውድድር ደግሞ በዕድሜ ክፍል የተከፈለ ነው፤ ከ8፣ ከ10፣ ከ12፣ ከ14፣ ከ16ና ከ18 ዓመት በታች እየተባለ ይቆጠራል። ልጁ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ሁለት ክፍሎች አልፈውት ሄዱ። ይህ ኪሣራ በሜዳልያ ብዛት የሚለካ አይደለም። ጦርነት ከሰው የሚወስደው ሕይወትና ንብረት ብቻ እንዳልሆነ፣ ዳግም የማይመለሰውን የልጅነት ዕድሜም እንደሚወስድ ያስረዳል።

የሆነ ሆኖ ተስፋ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። ስፓስኪ ከተከበበችው ከሌኒንግራድ ከተማ የተሰደደ ሕፃን ነበር፤ የጠጠሮችን አካሄድ የተማረው በአምስት ዓመቱ በስደት ላይ ሳለ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ከተማው ተመልሶ በ1946 በአቅኚዎች ቤተ መንግሥት የተከፈተለትን የቼዝ ክበብ አገኘ። እርሱን ያተረፈው ተሰጥዖው ብቻ አልነበረም፤ ከፍርስራሹ መሐል በሩን የከፈተ ክበብ፣ ጠጠርና ገበታ ያስቀመጠ፣ መምህር የመደበ ሥርዓት ነበረ።

እንግዲህ ከመምህራን፣ ከባህል ሠራተኞችና ከስፖርት ኃላፊዎች የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ብሔራዊው ሻምፒዮና ወደ ክልል ከተሞች መዝለቅ አለበት። በጦርነት ዕድሜያቸው ላለፈባቸው ወጣቶች ከዕድሜ ክፍሉ ውጭ የሚወዳደሩበት በር ሊከፈትላቸው ይገባል። የጨዋታዎቹ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ከውድድሩ ጎን ደግሞ አንድ ቀይ ጨርቅ ተዘርግቶ ወረራው፣ ፊሉና መደቁ ለልጆቹ ይታዩ፤ የእንጨት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ጠጠሮቹን እንደገና ሊጠርባቸው ይችላል። የኬሚስትሪ ሰንጠረዡን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ያን ጊዜ ስሙ ከየት እንደመጣ ይረዳል። በመደቅ ማሸነፍ ከሁሉ የበለጠ ክብር መሆኑን አባቶቹ ደንግገው እንዳለፉም ያውቃል።