የመቅደላ ዘማች ስንቅ

እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው፣ በዚህ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፌርፋክስ ጎዳና፣ ከቡና በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር በተነሣ ቍጥር ጨዋታው ከሴባስቶፖል መድፍ ወደ ሽጉጡ፣ ከሽጉጡም ወደ ተዘረፈው ንዋየ ቅድሳት ይሻገራል እንጂ፣ መቅደላ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ ሠራዊት ምን በልቶ፣ ምን ጠጥቶ፣ በምንስ ተጠልሎ እንደ ዘመተ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። እኔ ግን የመቅደላ ምሥጢር ከመድፉ ይልቅ በስንቁ ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ ዘመቻ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ በክሪሚያ ጦርነት፣ የእንግሊዝ ወታደር ከጠላት ጥይት ይልቅ በኮሌራ፣ በተስቦና በብርድ እንደ ቅጠል ስለ ረገፈ፣ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ተግሣጽና የጋዜጦቹ ወቀሳ መንግሥቱን አሳፍሮት ነበር። ስለዚህም የመቅደላው ዘመቻ አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ በ1860 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ፣ የሐኪም ቤት መርከቦች ተከትለውት መጡ፤ በዚያ በረሃ ንጹሕ ውሃ ቢታጣ የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት እያጣሩ ሠራዊቱን አጠጡት፤ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ።

ይህ ሁሉ ምቾት ግን በሌላው ትከሻ የተጫነ ነበር። ከወታደሩም የሚበዛው ሕንዳዊ ሲሆን፣ ከእርሱ በላይ 26,000 ያህል ጓዝ ተከታይ፣ ከ40,000 የሚበልጥ እንስሳ፣ 44ም ዝሆን ተሰልፎ ነበርና፣ አንዱ ተዋጊ ይዋጋ ዘንድ ሁለት ሰውና ሦስት እንስሳ ይደክሙለት ነበር ማለት ነው። ከበቅሎዎቹና ከግመሎቹም ብዙዎቹ ዙላ ሜዳ ላይ በጥማትና በበሽታ አለቁ።

ከዙላ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ ከዚህ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ካለው ጋር የሚቀራረብ፣ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ገደልና ዳገት ነው። ሠራዊቱ ወደ ደጋው በገፋ ቍጥር ጓዙ እየተቀነሰ፣ መኰንኑም እንደ ተራው ወታደር በድንኳን ተጨናንቆ የሚያድርበት ጊዜ መጣ።

ታዲያ እህሉ፣ ገለባውና ከብቱ ከወዴት ተገኘ? ከትግሬና ከላስታ ገበሬ እጅ ነው፤ ያውም በግዢ። ናፒየር ገበሬው ከማርያ ቴሬዛ ብር ሌላ እንደማይቀበል ዐውቆ ከቪየና በገፍ አስመጥቶ ነበር። የአገራችን ወታደር በዚያ ዘመን ደመወዝ ስለ ሌለው በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ፣ ጎተራውን አራቁቶ የሚኖር ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በመጀመሪያ ዘመናቸው ይህን ልማድ ሊያስቀሩ ሲጥሩ ቆይተው፣ በመጨረሻው ግን የገዛ ሠራዊታቸው ደምቢያንና በጌምድርን ሲዘርፍ ታየ። እንግዲህ ዋጋ ከፍሎ የሚበላ ባዕድ ሲመጣ ገበሬው ገበያውን ቢከፍትለት፣ የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም ቢረዱት፣ ባንዳነት ብለን ከመፍረዳችን በፊት የጎተራውን ነገር ማሰብ ይገባናል።

ዘመቻው በዐቢይ ጾም ውስጥ ገብቶ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ በመቅደላ አቅራቢያ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ከንጉሡ ወገን 700 ያህል ሰው ሲወድቅ፣ ከእንግሊዝ ወገን ከቈሰሉት ሃያዎች የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በፋሲካው ዕለት ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ወታደሮች በዓሉን ይውሉበት ዘንድ 1,000 ላምና 500 በግ እንዲሰጣቸው ላኩ። በእኛ ሥርዓት የሰውን ፍሪዳ ተቀብሎ መብላት ዕርቅን መቀበል ነውና፣ ናፒየር ተቀብሏል የሚል ቃል ሲደርሳቸው አስረዋቸው ከነበሩት የቀሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ። ናፒየር ግን ንጉሡ እጃቸውን ካልሰጡ በቀር ዕርቅ የለም ብሎ ከብቱን አልቀበልም አለ። በማግሥቱ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ መቅደላ ተሰበረች፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ዐለፉ።

ከዚያ በኋላ በደላንታ ሜዳ የመቅደላ ምርኮ ሐራጅ ተባለ፤ የብሪታንያ ሙዚየም የላከውም ሰው ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ንዋየ ቅድሳቱና የብራና መጻሕፍቱ የተሸጡበት ገንዘብ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል፣ ለእያንዳንዱ የደረሰው ከአራት ብር ጥቂት ቢበልጥ ነው።