ከጋፋት እስከ ብሩማና፤ በሰው ቋንቋ የተገኘ እንጀራ

ከወረታ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ መንገደኛ ደጋውን ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ጋፋት ይገኛል። ጋፋት ሲነሣ ወዲያው የሚታሰበው የሴባስቶፖል መድፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመረምረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከመድፉ ሠሪዎች አንዱ፣ እንግሊዛዊ ሳይሆን፣ በእንግሊዞች ትምህርት ቤት እንዴት ሥራ ሊያገኝ እንደ ቻለ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ፤ የአፍ መፍቻው ጀርመንኛ ነበረ። በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ተምሮ፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ወደ አገራችን ከላኳቸው የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚሲዮናውያን ጋር መጣ። ጎባትም ስዊሳዊ ነበሩ። መንበራቸው የእንግሊዝና የፕሩሲያ የጋራ ስለ ነበረ፣ የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአንድ ደጅ ይገናኙ ነበር።

ዋልድማየር የዓፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የነበረውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። በዚያ ቤት በኩል እንግሊዝኛም አማርኛም ሳይቀርበው አልቀረም። ቋንቋ የመልቀም ጠባይ እንደ ነበረው ደግሞ በ1868 ያሳተመው የአገውኛ የቃላት ስብስብ ይመሰክራል።

በዚያው ዓመት መቅደላ ወደቀ፤ የጋፋት ሰዎችም ከነቤተ ሰባቸው ከናፒየር ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። ዋልድማየር ጌታውንም ሥራውንም አጥቶ በመጨረሻ ቤይሩት ደረሰ፤ በዚያም የብሪቲሽ ሲርያ ትምህርት ቤቶች ቀጠሩት። በ1873 ደግሞ በሊባኖስ ተራራ በብሩማና፣ ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች ርዳታ፣ እስከ ዛሬ ያለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የሕይወት ታሪኩም በ1886 ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ።

እንግዲህ ምን ጠቀመው? ትውውቅ፣ የሃይማኖት ማኅበር፣ በሥራ የተፈተነ ዐሥር ዓመት። የፊቱም ቀለም ረድቶታል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ የታሪክ ጸሐፊ ወግ አይደለም። በዚያው በክሪሾና የተማረው ኢትዮጵያዊው ሚካኤል አረጋዊ፣ ሥራ የተሰጠው በገዛ አገሩ፣ በቤተ እስራኤል መካከል ነው።

በኋላ ቀጣሪዋ ኢትዮጵያ ሆነች። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ በእንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ የተጠሩት በሉሲየን ማት የሚመሩት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። በየጠቅላይ ግዛቱም ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ተሠማሩ፤ አነጋገራቸውን እየቀዳ የሚያስቅ ተማሪ ባይታጣም፣ ሂሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ የተማርነው ከእነርሱ ነው የሚል ትውልድ አለ።

ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ እንግሊዝኛ ላስተምር ብሎ ወደ ውጭ የሚያመለክት ወጣት፣ ከችሎታው አስቀድሞ ፓስፖርቱን ይጠየቃል። ደቡብ ኮርያ ለምሳሌ የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛ የምትሰጠው በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ከአፍሪቃ የምትገኝበት ደቡብ አፍሪቃ ብቻ ናት።