ስታትለር ለተማሪዎች የተወው አልጋ

ሕክምናን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ማንም አያምነውም። ማስተማሪያ ሆስፒታል ያስፈልጋል፣ አልጋ ላይ የተኛ ታካሚ ያስፈልጋል፣ ጧት ጧት ከአልጋ አልጋ እየዞረ የሚጠይቅ መምህር ያስፈልጋል። የሆቴል ተማሪስ አልጋውን ከየት ያመጣል? ይሄ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ሲነሣ ብዙዎቹ የሙያው ሰዎች ሐሳቡን ገና ከመነሻው ናቁት። ከናቁት አንዱ ግን ኋላ ዋነኛው ለጋሽ ሆነ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1922 የአሜሪካ ሆቴሎች ማኅበር ባቀረበው ጥያቄና በገባው የገንዘብ ቃል፣ በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል አስተዳደር ትምህርት ጀመረ። የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ በቤት አያያዝ ትምህርት ሥር ተጠግቶ ነው የተነሣው። ተማሪዎቹ 21፣ መምህሩ ሃዋርድ ሚክ።

በዚያን ጊዜ የሆቴል ሰዎች ንጉሥ ኤልስዎርዝ ስታትለር ነበር። በ1863 ከድሃ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ በ13 ዓመቱ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ የሆነ ሰው ነው። በ1908 በባፋሎ ከተማ በከፈተው ሆቴል እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ነበረው። ዘዴው ቀላል ነው፦ የጎረቤታሞቹን ክፍሎች መታጠቢያ ጀርባ ለጀርባ አድርጎ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ሰደዳቸው። ወጪው ወረደ፤ መንገደኛው በመጠነኛ ዋጋ ለብቻው መታጠብ ቻለ። እኔ በሐኪም ዓይን ሳየው፣ ይህ ሰው ለንጽሕና የሠራው ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለ፣ ሁሉን ነገር በእጁ የተማረ ሰው፣ የሆቴል ዲግሪ ሲባል ቢያላግጥ አይገርምም። ኮርኔልን ሲጎበኝ ተማሪዎቹ የምሕንድስና ስሌት ሲታገሉ አይቶ ጊዜያችሁን እያባከናችሁ ነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመኝ መሐንዲስ እቀጥራለሁ እንዳላቸው ይነገራል።

ተማሪዎቹ በክርክር አልመለሱለትም። «ሆቴል ኤዝራ ኮርኔል» የሚባል ዝግጅት ነበራቸው፦ ለጥቂት ቀን ሙሉ ሆቴል ራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ አብሳዩም፣ አስተናጋጁም፣ እንግዳ ተቀባዩም እነሱ፤ ተጋባዦቹ ደግሞ የሙያው አለቆች። በ1927 ስታትለር ተጋብዞ መጣ። ተስተናገደ፣ አየ፣ ሐሳቡን ለወጠ፤ ሚክ የሚፈልገውን ሁሉ ይሰጠው እስከማለት ደረሰ።

ብዙ ግን አልቆየም። በሚያዝያ 1928 በሳንባ ምች ሞተ፣ በ64 ዓመቱ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያስተዋለው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው፤ መድኃኒት ሆኖ ለሕዝብ እስኪደርስ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሐኪምነቴ ይቆጨዋል።

ኑዛዜው ግን ሠራ። ለሆቴል ሙያ ጥቅም የሚውል ፋውንዴሽን በ1934 ተቋቋመ፤ ባለቤቱ አሊስ ስታትለርም ጉዳዩን ዳር አደረሰችው። በ1950 በኮርኔል ስታትለር አዳራሽ ተከፈተ። መማሪያ ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ውስጡ እንግዳ የሚያርፍበት ሆቴልና ወጥ ቤት አለ፤ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ እውነተኛ እንግዳ ያስተናግዳል። የእኛ ጥቁር አንበሳ እንደ ማለት ነው። የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ለጋሽ ይብዛልን፤ ሆኖም ክፍያው ተሸፍኖለት የሚለማመድበት ቦታ የሌለው ተማሪ እኮ ግማሽ ተማሪ ነው።

ታሪኩ እኛም አገር ጫፉ ይደርሳል። በ1954 የስታትለርን ሆቴሎች በ111 ሚሊዮን ዶላር የገዛቸው ኮንራድ ሂልተን ነው። በ1969 ሂልተን ለሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በስሙ የሆቴል ኮሌጅ ተቋቋመ፤ እዚያም ግቢው ውስጥ ሆቴል አለ። አዲስ አበባ ሂልተን የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው።

ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ደግሞ የቦታ ስጦታ ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ መኝታ ቤታቸው ዛሬም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይታያል። መኖሪያ የነበረው ቤት መማሪያ ሆነ ማለት ነው።

ለነገሩ የኮርኔሉ የመጀመሪያ ሆቴል አሁን የለም፤ ፈርሶ በቦታው በ1989 ሌላ ተከፈተ፣ 150 ያህል ክፍሎች ያሉት። ስሙ አሁንም ስታትለር ነው፣ ተማሪዎችም ይሠሩበታል። «ሆቴል ኤዝራ ኮርኔል»ም አልቀረም፤ ተማሪዎቹ በየጸደዩ የሙያውን አለቆች ይጋብዛሉ።